ያዘዘ ሁሉ መድረሻ አይመርጥም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኦንላይን ሱቅ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ለድርጅቶች በኦንላይን ከሚሸጡ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው፤ ዕቃው የት ይድረስ የሚለውን ማን ይወስን?

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆነን ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ በጅምላ እናከፋፍላለን። ሱቃችን ሾፒፋይ በተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ ያለው አንድ ደንበኛችን በ30 ቀን ዱቤ ይወስዳል። ከሠራተኞቹ አንዱ 12 ካርቶን በርበሬ አዝዞ ወደማናውቀው መኖሪያ ቤት አስላከ። ባለቤቱ «እኔ አላዘዝኩም፣ አልከፍልም» አሉን። ትዕዛዙ የመጣው ከድርጅቱ አካውንት ነው። ጥፋቱ የማን ነው? እንዳይደገምስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የ12ቱን ካርቶን ጉዳይ የሚዳኘው ከደንበኛችሁ ጋር ያላችሁ ውል ነው። በአካውንቱ የገባ ትዕዛዝ ድርጅቱን እንደሚያስገድድ፣ ዕቃውም ወደየትኞቹ ቦታዎች ብቻ እንደሚላክ በጽሑፍ ካልሰፈረ ባለቤቱ የሚከራከሩበት አላቸው። ወደማታውቁት መኖሪያ ቤት በዱቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁና።

እንዳይደገም ማድረጉ ግን ቀላል ነው። አገር ቤት አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚረከብለትን ሰው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ያሳውቃል፤ ሻጩም ስሙ ደብዳቤው ላይ ለሌለ ሰው ዕቃ አያስረክብም። የኦንላይን ሱቅ ፈቃድ የዚያ ደብዳቤ ምትክ ነው። እዚህ ግን ሦስት ሥልጣን ለየብቻ ይሰጣል፦ ማዘዝ፣ ከተመዘገቡት አድራሻዎች መምረጥ፣ አዲስ አድራሻ ማስመዝገብ። ብዙ ሱቆች የሚጎዱት ሦስቱንም ጠቅልለው ለአንድ ሰው ስለሚሰጡ ነው።

ሾፒፋይ ላይ የድርጅት ደንበኛ «ካምፓኒ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በሥሩ «ሎኬሽን» የሚባሉ ቅርንጫፎች ይኖሩታል። የማድረሻ አድራሻው፣ የሒሳብ አድራሻው፣ የዱቤው ቀን የሚያዙት በሎኬሽኑ ላይ ነው እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱን ቅርንጫፍ በአንድ ሎኬሽን አጭቃችኋቸው ከሆነ መጀመሪያ ለያዩዋቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ሎኬሽን ከፍታችሁ ቼክአውትን (ትዕዛዝ የሚጠናቀቅበትን ገጽ) የሚመለከተውን ክፍል ፈልጉ። ደንበኛው ለአንድ ጊዜ ብቻ ወዳሻው አድራሻ እንዲያስልክ የሚፈቅድ ሳጥን አለ። ምልክቱን አንሡት። ከዚያ በኋላ የሚያዝዘው ሰው የቅርንጫፉን አድራሻ ያያል፣ ሌላ ግን መጻፍ አይችልም።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ሎኬሽኑ ላይ ለምትመድቧቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። «ኦርደሪንግ ኦንሊ» የተሰጠው ያዝዛል፣ የራሱን ትዕዛዞች ያያል። «ሎኬሽን አድሚን» የሆነው ደግሞ የቅርንጫፉን ትዕዛዞች በሙሉ ያያል፣ የሎኬሽኑንም አድራሻ መቀየር ይችላል። ለወጥ ቤት ኃላፊውም ለገንዘብ ተቀባይዋም ሁለተኛውን ሰጥታችሁ ከሆነ ያነሣችሁት ምልክት ምንም አይከላከልላችሁም፤ አድራሻውን ከሥሩ ቀይሮ ያዝዛልና። አድሚንነቱ ለባለቤቱ፣ ቢበዛ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይሁን።

አዲስ የዱቤ ደንበኛ ሲመጣ ትዕዛዞቹ ሁሉ በረቂቅ ገብተው በእናንተ እንዲጸድቁ ማድረግም ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ወራት እንዲህ ብትሠሩ ጥሩ ነው። ለሁሉም ደንበኛ ለሁልጊዜ ማድረጉን ግን አንመክርም። በቀን 40 ረቂቅ የሚያጸድቅ ሠራተኛ ሳምንት ሳይሞላው ሳያነብ ማጽደቅ ይጀምራል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የድርጅት ደንበኞች የሚገቡት በኢሜይል በሚላክ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ነው። ምግብ ቤቱ ያስመዘገበው ኢሜይል ካውንተሩ ላይ ባለው ታብሌት ሁልጊዜ ተከፍቶ የሚውለው የጋራ ኢሜይል ከሆነ ኮዱ የሁሉም ሰው ነው። ለእያንዳንዱ አዛዥ የግል ኢሜይሉን ጠይቁ።

በካርድ ለሚከፍሉትም አትዘናጉ። አሜሪካ ውስጥ ባንኮች የሚያደርጉት የአድራሻ ማመሳከር የቤት ቁጥሩንና ዚፕ ኮዱን (የፖስታ ቁጥሩን) ከካርዱ ባለቤት የሒሳብ አድራሻ ጋር ያስተያያል እንጂ ዕቃው የት እንደሚሄድ አያይም። ዕቃ አመላላሾቹ ዩፒኤስና ፌዴክስ ደግሞ ተቀባዩ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ መድረሻውን እንዲቀይር የሚያስችል አገልግሎት አላቸው። ላኪው ይህን በአካውንቱ ላይ ማስከልከል ይችላል፤ ለዱቤ ዕቃ አስከልክሉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ ዉኮሜርስ በተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር እሸጣለሁ። ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ክሊኒክ ደንበኛዬ ነው፤ ሁሉም በአንድ ኢሜይልና ፓስወርድ ይገባሉ። የፒያሳው ያዘዘው ወረቀት ሳሪስ ይሄዳል፣ የሳሪሱ ሜክሲኮ። ሹፌሬ ግማሽ ቀን ሲዞር ይውላል። ፕሮግራመሬ የአድራሻ መሙያውን ደበቀው፤ ችግሩ ግን አልቆመም።

መልስ፦ ዉኮሜርስ ተጨማሪ ነገር ካልተጫነበት ለአንድ ተጠቃሚ የሚይዘው አንድ የሒሳብ አድራሻና አንድ የማድረሻ አድራሻ ነው። ትዕዛዝ በተላከ ቁጥር ደግሞ ቼክአውቱ ላይ የተሞላው አድራሻ በተጠቃሚው መዝገብ ላይ ያለውን ይተካል። ሰኞ ሳሪሶች ሲያዝዙ የስድስቱም ቅርንጫፍ አድራሻ ሳሪስ ይሆናል። ማክሰኞ የፒያሳዋ ገብታ ቅጹ ተሞልቶ ስለሚጠብቃት ሳታነብ ትዕዛዙን ትልካለች። ወረቀቱ ሳሪስ ወረደ ማለት ነው።

መሙያው ሲደበቅ ነገሩ ባሰ፤ ስሕተቱን አይቶ የሚያርም ዓይን እንኳ ጠፋ። መደበቅ መከልከልም አይደለም። ገጹ ላይ የማይታይ መሙያ ከብራውዘሩ ወደ ሰርቨሩ (ሱቁ ወደሚሠራበት ኮምፒውተር) መላኩ አይቀርም፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ይዘቱን ቀይሮ ይልከዋል፣ ሰርቨሩም ካልተነገረው በቀር ይቀበለዋል።

ለዛሬ ስድስት ተጠቃሚ ይክፈቱ፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ፣ የየራሱ ኢሜይል ያለው። መቀላቀሉ በዚህ ብቻ ይቆማል። የሚከተለው ለፕሮግራመርዎ ነው።

አድራሻዎቹ ከተጠቃሚዎቹ ተነጥለው በድርጅቱ ስም በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ይኑረው። ሌላ ሰንጠረዥ የትኛው ተጠቃሚ በየትኛው የአድራሻ ቁጥር ማዘዝ እንደሚችል ይያዝ። ቼክአውቱ ላይ የተፈቀዱለት አድራሻዎች ብቻ በዝርዝር ይታዩት፤ አንድ ብቻ ከሆነ መምረጥም አያስፈልገውም፣ ተጽፎ ያየዋል። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ይሁን። ሰርቨሩ ቁጥሩ ለዚህ ተጠቃሚ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጦ አድራሻውን ራሱ ያወጣና ትዕዛዙ ላይ ይገለብጠዋል። መገልበጡ ግድ ነው። ትዕዛዙ ቁጥሩን ብቻ ከያዘ፣ ክሊኒኩ ቤት ቀይሮ አድራሻው ሲታረም የአምናው ትዕዛዝም አብሮ ይታረማል፤ ዕቃው የት እንደወረደ የሚመሰክር መዝገብ አይቀርልዎትም።

ሁለት በር ደግሞ ይዘጋ። አንዱ «የእኔ አካውንት» ውስጥ ያለው የአድራሻ ማስተካከያ ገጽ ነው፤ በዉኮሜርስ ሴቲንግ የላቁ ምርጫዎች ውስጥ የዚህን ገጽ መጠሪያ ባዶ ቢተዉት ገጹ ይጠፋል። ሁለተኛው ቼክአውቱ ራሱ ነው። ከ2023 መጨረሻ፣ ከ8.3 ስሪት ጀምሮ አዲስ የሚከፈት ሱቅ ብሎክ በሚባሉ የገጽ ክፍሎች የተሠራውን ቼክአውት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይህኛው ትዕዛዝ የሚቀበልበት መንገድ ከድሮው የተለየ ነው። ለድሮው ቼክአውት የተጻፈ የአድራሻ ማጣሪያ ኮድ በአዲሱ ላይ አይሠራም፣ ስሕተት ብሎም አይጮኽም። ዝም ብሎ ያሳልፋል።

ሥራው ማለቁን የሚያውቁት በዚህ ነው፦ በፒያሳው ተጠቃሚ ይግቡ፣ ፕሮግራመርዎ ከሚላከው መረጃ ውስጥ የአድራሻውን ቁጥር ከፒያሳው (ለምሳሌ ከ14) ወደ ሌላ ቅርንጫፍ (ለምሳሌ ወደ 15) ይቀይረው። ትዕዛዙ ካለፈ ሥራው አላለቀም።

ስለ አድራሻው ይዘት ደግሞ ጥቂት እንጨምር። ለአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ልዩ ቦታ፣ የተረካቢ ስምና ስልክ በየራሳቸው መሙያ ይቀመጡ። ክፍለ ከተማው ከ11ዱ የሚመረጥ እንጂ የሚጻፍ አይሁን። ዚፕ ኮድ አስገዳጅ አያድርጉ፤ ሰው 0000 እየሞላ ያልፋል። የካርታ ነጥብ ከያዙ ከነጥብ በኋላ 5 አኃዝ ይበቃል፤ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ያደርሳል። 3 አኃዝ ብቻ ከያዙ ግን ስሕተቱ ከመቶ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በፒያሳ መቶ ሜትር ማለት ሌላ መንገድ ነው።

ልዩ ቦታውን («ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴ በር») ቅርንጫፉ ራሱ ያለ ማንም ፈቃድ ቢያስተካክለው ጉዳት የለውም። ስልኩ ግን እንደዚያ አይደለም። እኛ አገር ሹፌር የሚመራው በካርታ ሳይሆን በስልክ ነው፤ ስልኩን የቀየረ ሰው አድራሻውን ቀየረ ማለት ነው። «እዚያ አትምጣ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ጠብቀኝ» ሲባል ሹፌሩ ይሄዳል። ስለዚህ የተረካቢ ስልክ ሲቀየር ለዋናው መሥሪያ ቤት መልእክት ይሂድ። ለሹፌሩም ደንብ ይውጣለት፦ በስልክ መድረሻ አይቀየርም፣ የተቀየረ ነገር ካለ ትዕዛዙ ላይ ታርሞ ይላክለታል።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን በስድስት ቅርንጫፍ ይረከባል፣ ደረሰኝ ግን በዋናው መሥሪያ ቤት ስም ይፈልጋል። የማድረሻ አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ደረሰኙም ይቀየርብናል።

መልስ፦ የሒሳቡ አድራሻ፣ የድርጅቱ ሕጋዊ ስምና ባለ 10 አኃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ከድርጅቱ መዝገብ ይወሰዱ፤ አዛዡ በጭራሽ አይንካቸው። የማድረሻ አድራሻው የሚወጣው በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ነው። «የማድረሻው ከሒሳቡ ጋር አንድ ነው» የሚለውን ሳጥን ለድርጅት ደንበኞች አንሡት፤ ሁለቱን የሚያደባልቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዶቤ ኮሜርስ (የቀድሞው ማጀንቶ) በተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የድርጅቱ አስተዳዳሪ ያስገቡትን አድራሻ በሥራቸው ያሉት ገዢዎች አያዩትም። ፈቃዶቹን ሁሉ ከፍቼ ሞክሬያለሁ።

መልስ፦ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። እዚያ ላይ የአድራሻ መዝገብ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ነው፤ ድርጅቱ ሥር መሆን አያጋራውም። በፈቃዶቹ ዝርዝር ውስጥ የሚያዩት የድርጅቱ ሕጋዊ አድራሻ የምዝገባ አድራሻ ነው፣ ለቼክአውት አይቀርብም። የግዥ ማጽደቂያ ደንቦቹም በትዕዛዙ ድምር፣ በማጓጓዣ ዋጋውና በዕቃ ዓይነቶቹ ብዛት እንጂ በአድራሻ አይሠሩም።

አድራሻውን ለሁሉም መገልበጥ ያጓጓል። 40 ገዢና 12 ቅርንጫፍ ካለ 480 መስመር ይሆናል፤ አንድ ቅርንጫፍ ሲዘዋወር 40 ቦታ ማረም ሊኖርብዎ ነው፣ አንዱን መርሳትዎም አይቀርም። በድርጅቱ ደረጃ የጋራ አድራሻ የሚይዝ ሞጁል (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ክፍል) ይግዙ ወይም ያሠሩ። ሲመርጡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ገዢው በግሉ ያስቀመጠውን የድሮ አድራሻ ይደብቀዋል ወይስ አሁንም እንዲመረጥ ይተወዋል? የሚተወው ከሆነ አይግዙት።

ጥያቄ፦ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ነኝ። ደንበኞቼ ኮንትራክተሮች ናቸው፣ ሳይታቸው (የግንባታ ቦታቸው) በየጊዜው ይቀያየራል። አዲስ አድራሻ ብከለክል ሥራ ይቆምባቸዋል፤ ብፈቅድ ደግሞ ሲሚንቶው የት እንደሚራገፍ አላውቅም።

መልስ፦ ጥያቄዎ ከሁሉም ከባዱ ነው። መከልከልም መልቀቅም አይሆንም፤ መሀል ላይ ጥያቄና ማጽደቅ ያስፈልጋል። ፎርማኑ አዲስ ሳይት ያስመዘግባል፣ አድራሻው ግን «በመጠባበቅ ላይ» ሆኖ ይቀመጣል፤ ከኮንትራክተሩ ወገን የተሾመ ሌላ ሰው እስኪያጸድቀው ድረስ ዕቃ አይሄድበትም። ያስመዘገበው ሰው ራሱ ማጽደቅ አይችልም፤ ይህን ሲስተሙ ራሱ ይከልክል እንጂ ለሰው ቃል አይተው።

አጽዳቂው አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ ሲሚንቶ የሚጠብቀው ሳይት ይቆማል። ከዚያ የሚመጣውን ያውቁታል፤ ስልክ ይደወላል፣ ከእርስዎ ሠራተኞች አንዱ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ በእጁ ያሳልፈዋል፣ ደንቡም በዚያው ይሞታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኮንትራክተር ሁለት አጽዳቂ ይመዝገብ፣ ጥያቄ በ4 የሥራ ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ ወደ ሁለተኛው ይለፍ። በመጠባበቅ ላይ ላለ አድራሻ የገባ ትዕዛዝ አይሰረዝ፤ ዋጋውና ዕቃው ተይዞ ይቆይ።

እያንዳንዱ ሳይት የማብቂያ ቀን ይኑረው። 90 ቀን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው መልእክት ይሂድ፣ በአንድ ጠቅታ ይታደስ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ጥፋት ይከላከላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ተመዝግቦ የቀረ ሳይት ዕቃ ወርዶ ማንም የማይጠይቅበት ቦታ ነውና።

በአዲስ ሳይት የመጀመሪያው ጭነት በዱቤ አይሂድ፤ ቢሄድም ከተለመደው ያነሰ ይሁን፣ ለምሳሌ ከ50 ኩንታል የማይበልጥ። የሳይቱ ኃላፊ ተረክቦ ከፈረመ በኋላ ገደቡ ይነሣል። አዲስ አድራሻ ከመምጣቱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የአካውንቱ ኢሜይል ወይም ፓስወርድ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ማጽደቂያውን ብቻ አትመኑ። ውሉ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ከጥያቄው ጋር በተላከው ስልክ መደወል አጭበርባሪውን ራሱን «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ የ180 ደንበኛ አድራሻ ኤክሴል ላይ አለኝ፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ቦስተን አካባቢ። ወደ ሱቁ በአንድ ጊዜ ላስገባ ስል ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዜሮ ይጠፋብዎታል። ኤክሴል 02139ን ቁጥር ነው ብሎ 2139 ያደርገዋል፤ ቦስተን ያለችበት የማሳቹሴትስ ግዛት ዚፕ ኮድ ሁሉ በዜሮ ስለሚጀምር የቦስተኑ ወገን በሙሉ ይበላሻል። በ09 እና በ07 የሚጀምሩት ስልኮችም እንዲሁ። ዓምዶቹን ከመክፈትዎ በፊት ጽሑፍ ያድርጓቸው፣ ስልኩን በ251 መነሻ ወደ አንድ መልክ ያምጡት።

ቀጥሎ ድግግሞሽ አለ። «ሐያት»፣ «ሃያት» እና «ሀያት» ለእኛ አንድ ሰፈር ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። «ካዛንቺስ» እና «ካሳንቺስ»ም እንዲሁ። በፊደል ብቻ የሚለያዩትን ለማወዳደር ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሌላ ዓምድ ይሥሩ፤ ሃን እና ሀንም አንድ ያድርጉ። ደንበኛው የጻፈውን ግን አይንኩት፣ ዓምዱ ለማመሳከር ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ አንዱ ሐያት ሲዘጋ ሌላው ሐያት ተፈቅዶ ይቀራል።

180ውን በአንድ ጊዜ አይጫኑ። 5 ደንበኛ አስገብተው በእያንዳንዱ ስም ገብተው ይዩ፤ የሌላውን ድርጅት አድራሻ ያየ አንድ እንኳ ካለ ያቁሙት። የተረካቢ ስምና ስልክ የግል መረጃ ነው። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች።

ጥያቄ፦ የደንበኛችን የግዥ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀ፤ የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አካውንቱን እንሰርዘው?

መልስ፦ አትሰርዙት፣ ዝጉት። ከተሰረዘ ያዘዛቸው ትዕዛዞች ባለቤት ያጣሉ፣ ማን ምን ወደየት እንዳስላከ መመለስ አይቻልም። መዝጋት ሲባል ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይደለም፤ በስልኩ ላይ ተከፍቶ የቀረውን መግቢያም ማስወጣት፣ ከሁሉም ቅርንጫፍ ማንሣት፣ አጽዳቂ ከነበረም ከዚያ ማውጣት ነው።

ከዚያ የሁለቱን ሳምንት መዝገብ ክፈቱ። ያልተላኩ ትዕዛዞቹን ለደንበኛው ኃላፊ አሳዩ፤ በዚያ ጊዜ የጨመረው አድራሻ ወይም የቀየረው ስልክ ካለ እንደገና እስኪጸድቅ ይታገድ። በየወሩ የሚደጋገም ትዕዛዝ ካለ አትርሱት፤ ሰውየው ቢሄድም እሱ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ይላካል።

ሁለት ሳምንት የዘገየው ግን ደንበኛው ማሳወቅ እንዳለበት ስላላወቀ ይሆናል። ውሉ ላይ «ሠራተኛ ሲለቅ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቃል» የሚል መስመር ጨምሩ። በየሦስት ወሩም የአዛዦቹን ስምና የተፈቀደላቸውን አድራሻ ዝርዝር ለደንበኛው ኃላፊ ላኩ፤ አይተው በፊርማ ወይም በኢሜይል መልስ ይስጡ። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ላልመጣበት ድርጅት ማዘዙን ሳይሆን አዲስ አድራሻ ማስመዝገቡን ብቻ አግዱ፤ ሥራቸው አይቆምም፣ መልሱም ቶሎ ይመጣል።